ለምትዘፍኑ ልጆች፦ ስለ መስከን

«ጋሼ፣ የትግል ዘፈን ሲዘፍን የኖረ ሰው ስለ ትዳሩ መዝፈን ሲጀምር ከዳ አይባልም?» ብላ አንዲት ወጣት ድምፃዊት ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ፤ በኪቦርዱ ዘመን ስንት ጥሩ ግጥም በከበሮ ታፍኖ ቀርቷል!

እስቲ የትግል ዘፋኙ ቢሊ ብራግ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን «ቱዝ ኤንድ ኔይል» የተባለ አልበም ስሙት። እንግሊዛዊው የባርኪንግ ልጅ በ1983 ሲጀምር ሰባት ዘፈን፣ 16 ደቂቃ ገደማ፣ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ነበር ያቀረበው። ሽፋኑ ላይም ከ2.99 ፓውንድ በላይ እንዳትከፍሉ ብሎ አሳተመበት። በ1984 የብሪታንያ የማዕድን ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ያ ሹል ጊታር በቦታው ነበር፤ ሰልፍ ላይ ካልጮኹ ማን ይሰማል?

ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ግን ካሊፎርኒያ፣ ሳውዝ ፓሳዲና፣ ፕሮዲውሰሩ ጆ ሄንሪ ቤት ገባ። ስቱዲዮው ምድር ቤት ነው። አሥራ ሁለቱ ዘፈኖች በአምስት ቀን ተቀዱ። ግሬግ ሊዝ በፔዳል ስቲል (ተጋድሞ በሚመታ ባለ ፔዳል ጊታር)፣ ጄይ ቤለሮዝ በድራም አጀቡት፤ እሱ ድምፁን ወደ ታች አውርዶ ዘፈነ። አንዱ ዘፈን መደርደሪያ መስቀል እንኳ ስለማያውቅ ባል ነው። እዚያው አጠገቡ ግን አሜሪካዊው የሕዝብ ዘፋኝ ዉዲ ጋትሪ ቤት ስላጣ ሠራተኛ የጻፈው ዘፈን አለ። ታዲያ የቱ ጋ ነው የከዳው?

እናንተ ድምፅ በሚያቃናው ሶፍትዌር፣ በኦቶቱን፣ አድጋችሁ ነው መሰለኝ፣ ጉሮሮ የሚወጠርበትን ኪይ (የዘፈኑን የድምፅ ከፍታ) ስሜት ትሉታላችሁ። አንድ ቶን፣ ካስፈለገም አንድ ተኩል አውርዱት፤ ቃሉ ያኔ ይሰማል። የአፍ ማይክ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይራቅ። የጊታሩን ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር አርቃችሁ ወደ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ወዳለው 12ኛ የብረት መስመር) አዙሩት፤ ቀዳዳው ፊት ከደቀናችሁት ቤዙ ያጉረመርማል፣ ግጥሙንም ይውጠዋል። ድራመሩ በዱላ ፈንታ ብራሽ ይያዝ።

አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ ስትቀዱ ድራሙ ወደ ዘፋኙ ማይክ ይገባል። አንዲት ቃል ብትሳሳቱ እሷን ብቻ ነቅሎ መተካት አይሆንም፤ የድራሙም ድምፅ አብሮ ይቆረጣልና መገጣጠሚያው ያስታውቃል። ስለዚህ ግጥሙን በቃላችሁ አጥንታችሁ ግቡ፤ ስልክ እያዩ መዝፈን ይቅር። ሦስት ጊዜ ሙሉውን ቅዱ፤ ሦስቱም ካልሆነ ኪዩን ወይም ፍጥነቱን ፈትሹ እንጂ አራተኛ አትሞክሩ።