አፑ አይዘንብም ካለ መኪናችን ለምን ጭቃ ውስጥ ቀረች?

ጥያቄ፦ ሰላም የአምዱ አዘጋጅ። ደብረ ብርሃን ነው ምኖረው፣ ከጓደኞቼ ጋር አንድ የድሮ ላንድክሩዘር አለችን፣ ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ከአስፋልት ወጣ ማለት እንወዳለን። ባለፈው ወር በእነዋሪ አድርገን ወደ ጀማ ገደል አፋፍ ሚወስድ የገጠር መንገድ ይዘን ነበር፣ ከመውጣታችን በፊት ስልኬ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ አፕ ሳየው ዝናብ 20 ፐርሰንት ይላል፣ እውነትም ቀኑን ሙሉ ጠብታ አልወረደም፣ ግን መኪናዋ መንገዱ መሀል ሰምጣ እስኪመሽ ስንቆፍር ዋልን፣ በመጨረሻ የአካባቢው ሰዎች ናቸው ገፍተው ያወጡን። አሁን ደሞ ክረምቱ ጠቅልሎ ሳይገባ አንድ ዙር መሄድ አስበናል። ይሄን ትንበያ እንዴት ነው ማንበብ ያለብን? ወይስ ለኛ አገር አይሰራም ብለን እንተወው?

መልስ፦ ወንድሜ አትተወው። ደብዳቤህን ደግመህ ብታነበው አፑ ያለህ ልክ ነበር፣ የመዝነብ ዕድሉ ትንሽ ነው አለ፣ አልዘነበም። ያሰመጣችሁ የዛን ቀን ዝናብ አይደለም፣ ከዛ በፊት በነበሩት ቀናት የዘነበው ነው፣ እሱን ደሞ ማንም አልጠየቀውም። እኔ ብዙ ሰው ላይ ማየው ይሄንን ነው፣ ትንበያ ከፍተን «ዛሬ ይዘንባል ወይ» ብቻ አይተን እንዘጋለን፣ መንገዱ ግን ያለፈውን ሳምንት ነው ሚያስታውሰው።

በተለይ ሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ ያለችበት ወረዳ። የእነዋሪ ሜዳ እንደምታውቀው መረሬ ነው፣ ጥቁር አፈር፣ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ደሞ ያብጣል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በስንጥቁ ገብተው ስለሚጠፉ ላይ ላዩን ስታየው ደረቅ ይመስላል፣ ከዛ አፈሩ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ውሃውም ወደ ታች መሄጃ ያጣል፣ ከዛ በኋላ ትንሽ ካፊያ እንኳን ሲመጣ ላዩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ፀሐይ አንድ ቀን ስትወጣ ላዩ ቅርፊት ይሰራል፣ ሰው በእግሩ ሲሄድበት ይችላል፣ መኪና ሲወጣበት ግን ቅርፊቱ ይሰበርና ከስር ያለው ሊጥ ይቀበልሃል። ፎር ዊል ብታስገባም የጎማው ጥርስ በጭቃ ከተሞላ አራቱም ጎማ አንድ ላይ ነው ሚንሸራተተው። መንዝ ላይ ድንጋያማው መንገድ በዘነበ ማግስት ሊያሳልፍህ ይችላል፣ መረሬው ግን እንደዛ አይደለም፣ ተከታታይ የፀሐይ ቀናት ይፈልጋል።

ስለዚ ከመውጣትህ በፊት መጀመሪያ ወደኋላ ተመልከት። የናሳ የጂፒኤም ገጽ ላይ ከሳተላይት የተገመተ ያለፉት ቀናት ዝናብ በካርታ ይታያል፣ በየግማሽ ሰዓቱ የተለካ ነው፣ አንዷ ነጥብ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ትይዛለች፣ የእያንዳንዱን ማሳ አይነግርህም ግን ሜዳው በጠቅላላ ጠጥቷል ወይስ ደርቋል ሚለውን በደንብ ታይበታለህ። ከዛ ወደፊት ስታይ ፐርሰንቱን ትተህ የሚሊሜትር ድምሩን እይ፣ ዊንዲ የሚባለው የአየር ሁኔታ አፕ ላይ ለቀጣይ 3 ቀን 5 ቀን ምናምን እያለ ድምር ዝናብ ሚያሳይ አለ። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 20 ፐርሰንት ማለት ደሞ እንደዛ ያለ ቀን አምስቴ ቢመጣ አንዴ ያህል ይዘንባል ማለት ነው፣ ስለ መጠኑ ምንም አይልህም፣ ያቺ አንዷ ቀን ካፊያም ልትሆን ትችላለች በረዶ የቀላቀለ ዶፍም።

የኔ ግምት ከፈለግክ፣ ባለፉት ሦስትና አራት ቀናት ድምሩ 20 ሚሊሜትር ካለፈ መረሬ ላይ አልገባም፣ ሰማዩ መስታወት ቢመስልም አልገባም። ይሄ ሕግ አይደለም፣ መንገዱ ጠጠር ከለበሰ ሌላ ነው፣ ዳገት ቁልቁለት ካለው ደሞ ከዛም ያነሰ ይበቃዋል።

ከሁሉ በላይ ደሞ ስልክ ደውል። እነዋሪ ወይ ደነባ ሚያውቁት ሰው ካላችሁ «ዝናብ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ «ትናንት አይሱዙ ገብቶ ወጥቷል?» በሉት። እህል ሚጭን አይሱዙ ያላለፈበትን መንገድ እናንተ ማለፍ የለባችሁም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። መንገዱ ሲጨቀይ መኪናው ዳር ዳሩን እያለ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ቀጣዩ መኪና ደሞ የሱን ዱካ ትቶ ሌላ ይከፍታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የአንድ ገበሬ መሬት ግማሹ ይረገጣል፣ እርጥብ መረሬ አንዴ በጎማ ከተጠቀጠቀ ደሞ ለማረስ መከራ ነው። እናንተን ገፍተው ያወጡት ሰዎች ምናልባት የማሳው ባለቤቶች ናቸው። እርጥብ ከሆነ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሸዋ ሮቢት ነው የምጽፈው፣ ሹፌር ነኝ፣ እድሜዬ ገፍቷል፣ ስልኩን ያስተማረችኝ ልጄ ናት። የመስክ ሠራተኞች ይዤ ወደ ቆላው ስገባ ድልድይ የሌላቸውን ወንዞች በደረቁ ነው የማቋርጠው። ስልኩ ፀሐይ ነው ሲል፣ እውነትም ፀሐይ ሆኖ፣ ከላይ ግን ደራሽ ይመጣል። ይሄን ማሳየት አይችልም ወይ?

መልስ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ። ስልኩ ያሳያል፣ ግን ማየት ያለብዎ እርስዎ ያሉበትን ቦታ ሳይሆን ውሃው የሚነሳበትን ነው። የሮቢም የጀውሃም ወንዞች የሚመጡት ከደጋው አፋፍ ነው፣ አፋፉ ላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ነው፣ በቀጥታ ቢለካ መሀላቸው 30 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። ያን ያህል ከፍታ በዛች አጭር መንገድ የሚወርድ ውሃ ጊዜ አይሰጥም፣ ደጋው ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት የጣለ ዶፍ እርስዎ ጋ አመሻሽ ላይ፣ ሰማይዎ ጥርት እንዳለ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚ ልጅዎ ስልኩ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ትመዝግብልዎ፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ መዘዞ፣ ከዛ ሲወጡ የሸዋ ሮቢቱን ትተው እነሱን ይዩ። ሌላ ደሞ የሳተላይት ምስል አለ፣ ሜቲዮሳት የምትባለው በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለችው ሳተላይት ከአናታችን ብዙም ፈቀቅ ሳትል ነው ከላይ ቁማ የምታየን፣ በየ15 ደቂቃው አዲስ ምስል ትልካለች፣ ዙም ኧርዝ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። ትንበያ ሚገምት ነው፣ ምስሉ ግን ያለውን ነው ሚያሳየው፣ እኔ በቀኑ ውስጥ ለሚወሰን ነገር ምስሉን ነው ማምነው። ከምሳ በኋላ አፋፉ ላይ እንደ አበባ ጎመን የፈነዳ ነጭ ደመና ሲያዩ፣ ቀጣዩ ምስል ላይ ከሰፋ፣ ወንዝ ማቋረጡን ይተዉት።

ምክንያቱ ምን መሰለዎ፣ እኛ አገር ብዙው ዝናብ ከሩቅ ተሰልፎ ሚመጣ አይደለም። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች፣ የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ ይነሳል፣ ተራራ ሲያገኝ ይበልጥ ይነሳል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት 9 ሰዓት ሲሆን ይፈነዳል። አንዷ ደመና ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትሰፋ ነው፣ አንድ ቀበሌ አርሳ ጎረቤቱን ትዘላለች። ለዚህ ነው ጉዞን ገና ሳይነጋ ጀምሮ ወንዙንና መረሬውን ከእኩለ ቀን በፊት መጨረስ ከማንኛውም አፕ የሚሻለው። ክረምቱ ሲጠና፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሌሊትም ጠዋትም ስለሚዘንብ ይሄም አያዋጣም።

ውሃው ከመጣ ደሞ መኪናው ከባድ ነው ብለው አይግቡ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚፈስ ውሃ ፒክአፕን ጨምሮ አብዛኛውን መኪና አንሥቶ ይወስዳል። ሠራተኞቹም አሸዋው ስለሚመች ብለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን እንዳይተክሉ በእድሜዎ ይቆጧቸው፣ ይሰሙዎታል።

ጥያቄ፦ ሃይ፣ አዲስ አበባ ነው ምኖረው ግን ቤተሰቦቼ መንዝ ናቸው። ጓሳ ለሁለት ቀን ግሩፕ ይዤ ልሄድ ነው፣ ከዛም ከዋናው መንገድ ወጣ ብለን ልንነዳ አስበናል። ሁለት አፕ አለኝ፣ አንዱ ቅዳሜ 12 ሚሊሜትር ይላል፣ ሌላው ዜሮ። የቱን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ አፕ ብዙ ነው እንጂ ከጀርባ ያሉት ሞዴሎች፣ ማለትም አየሩን በኮምፒውተር ሚያሰሉት ፕሮግራሞች፣ ጥቂት ናቸው። ጂኤፍኤስ የአሜሪካኖቹ ነው፣ በቀን አራት ጊዜ ይሰራል፣ ኢሲኤምደብሊውኤፍ የአውሮፓው ነው፣ አይኮን የጀርመን። አፕሽ ውስጥ ገብተሽ የቱን እንደሚጠቀም እዪ፣ ሁለቱ አፖች አንድ ሞዴል ሚያሳዩ ከሆነ መስማማታቸው ምንም ማስረጃ አይሆንም፣ አንዱን ምስክር ሁለቴ መጠየቅ ነው። ሦስቱም የተለያዩ ሆነው ሦስቱም ይዘንባል ካሉ ግን ከልብሽ ውሰጂው። አንዱ 12 አንዱ ዜሮ ሲሉ ደሞ መልሱ «6 ነው» አይደለም፣ መልሱ «ዝናብ ሚሆን አየር አለ፣ የት እንደሚወርድ አልታወቀም» ነው፣ ለዛ ተዘጋጂ።

ሞዴሉ አገሩን በሳጥን ከፋፍሎ ነው ሚያየው። የአውሮፓው ዋናው ሞዴል ሳጥኑ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በነፃ ሚሰራጨው ብዙውን ጊዜ ወደ 28 ኪሎ ሜትር የሰፋው ነው፣ እዛች ሳጥን ውስጥ ጣርማ በርና ሸዋ ሮቢት አንድ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ፣ ሞዴሉ ደሞ ከፍታቸውን አማክሎ አንድ ሜዳ ያደርጋቸዋል። ቅድም ያልኩት ከሰዓት የሚፈነዳ ደመናም ከሳጥኑ ስለሚያንስ በግምት ነው ሚሰላው። በ2018 እ.ኤ.አ. በጀርመን የካርልስሩ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ፣ ሰሜናዊውን የሐሩር አፍሪካ፣ በተለይ ምዕራቡን፣ ነው ያዩት፣ የትልልቆቹ ሞዴሎች የዝናብ ትንበያ እንዳለ ሲወሰድ «በዚህ ወቅት በተለምዶ ምን ያህል ይዘንባል» ከሚለው ተራ ግምት የተሻለ ሆኖ አላገኙትም። ስለዚ ወቅቱን ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም፣ አያትሽ በልጉ እንዴት እንደገባ ሚነግሩሽ ነገር ከአፑ እኩል ክብደት አለው፣ የመንዝ ሰው በበልግ እያረሰ ነው የኖረው።

ሰዓቱንም ተጠንቀቂ! አፑ 15:00 ካለ በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ 3 ሰዓት መስሏቸው ሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። ካርታው ላይ 12 ዜድ ተብሎ ሲጻፍ ደሞ የግሪኒች ሰዓት ስለሆነ እሱም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። የአውሮፓው አዲሱ ስሌት ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ስለሚወጣ ሌሊት ተነስታችሁ ምትሄዱ ከሆነ ከዛ በኋላ አንዴ ክፈቺው፣ ስክሪንሾትም አንሺ፣ ላይ ስትወጡ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ሌላ ነው፣ ጉሙም አለ፣ ጣርማ በር ላይ በጉም መንዳት ዝናቡ ራሱ ከሚያደርስብሽ የባሰ ሊሆን ይችላል፣ አፖቹ ደሞ ጉምን በደንብ አይዙትም። ሳሩ ላይ አትንዱ፣ የማኅበረሰቡ ጥብቅ ቦታ ነው፣ ቀይ ቀበሮዎቹም እዛው ናቸው።

ጥያቄ፦ የ15 ቀኑን ትንበያ ማመን ይቻላል? ፈቃድ ቀድሜ መሙላት ስላለብኝ ነው።

መልስ፦ ቀን ለይቶ ለመምረጥ አይሆንም። ከአምስት ቀን በላይ ያለውን «እርጥብ ሳምንት ነው ወይስ ደረቅ» ለሚለው ብቻ ተጠቀምበት፣ ለዛ ደሞ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየ10 ቀኑና በየወሩ ሚያወጣው መግለጫ ከየትኛውም የ15 ቀን ዝርዝር ይሻላል፣ የኛን ወቅቶች ይዞ ነው ሚተነትነው። ፈቃድህን ከመስቀል በኋላ ጥቅምት ላይ ብትሞላው ጥሩ ነው፣ መረሬውም እስከዛ ጠጠር ማለት ይጀምራል። ሰኔ ላይ ካልሆነ አይሆንልኝም ካልክ ደሞ ሁለት መንገድ ያዝ፣ አንድ የመረሬ አንድ የድንጋይ፣ የቱን እንደምትሄድ ከመነሳትህ በፊት ባለው ማታ ወስን።