ጁዲ ዴንች ከጄምስ ቦንድ በፊት

እንግሊዛዊት ተዋናይ የሆኑት ጁዲ ዴንች በጄምስ ቦንድ ፊልም የስለላ ድርጅቱ አለቃ ሆነው ከመቅረባቸው በፊት ታዋቂ ነበሩ ወይ ብለው ለጠየቁት፣ መልሱ አዎን፣ እጅግ ታዋቂ ነበሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በዮርክ ከተማ የተወለዱት ዴንች መጀመሪያ ያሰቡት የመድረክ ዲዛይነር ለመሆን ነበር፤ ይሁን እንጂ ፊታቸውን ወደ ትወና አዙረው በ1957 ከኦልድ ቪክ የቴአትር ቡድን ጋር በሼክስፒር ተውኔት «ሐምሌት» ኦፊሊያ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ በመጫወት ሙያውን ጀመሩ። ወደ ቦንድ ፊልም የገቡት በ1995 ነው።

በእኔ እምነት የችሎታቸው ልክ የታየው በ1976 በእንግሊዟ ስትራትፎርድ ከተማ ውስጥ ከተዋናይ ኢያን ማኬለን ጋር በተጫወቱት የሼክስፒር ተውኔት «ማክቤዝ» ነው። አዳራሹ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ተዋንያኑ ወለሉ ላይ በተሠመረ ክብ ዙሪያ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ እርሳቸውም ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ሸፍነው፣ ተመልካቹ ትንፋሻቸውን ሊሰማ በሚችልበት ርቀት ሌዲ ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች የምትቃዥበትን ትዕይንት ተጫወቱ። ኦስካር ያገኙት በ1999፣ የእንግሊዟን ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን ሆነው ስምንት ደቂቃ ገደማ ብቻ በታዩበት ፊልም ነው። «ማክቤዝ» በኋላ ለቴሌቪዥን ስለተቀረጸ፣ ከቦንድ ፊልሞች አስቀድመው እርሱን ቢመለከቱ እመክራለሁ።