ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የደም ስሮቼ መጠንከር በኤምአርአይ ይታያል?

ጥያቄ፦ የ64 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። የደም ግፊቴ ደጋግሞ ሲለካ 165 በ70 ሆነ። ሐኪሜ «ደም ስሮችዎ በዕድሜ ጠንክረዋል» አሉኝ። ውጭ አገር የምትኖረው ልጄ «አባዬ፣ በኤምአርአይ ታይ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» ትላለች። መሣሪያው ይህን ያያል?

መልስ፦ ያያል። ገንዘቡን ግን ለጊዜው ያቆዩት።

ልብ ደም በረጨ ቁጥር በደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ የግፊት ሞገድ ይጓዛል። ግድግዳው የሚለጠጥ ከሆነ ሞገዱ ይዘገያል፤ ከጠነከረ ይፈጥናል። ከልብ የሚነሳው ዋናው ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ ደረት ውስጥ እንደ ከዘራ እጀታ ቆልመም ብሎ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ አንድ አግድም የኤምአርአይ ምስል ሽቅብ የሚወጣውንም ቁልቁል የሚወርደውንም ክፍል እንደ ሁለት ክብ ያሳያል። መሣሪያው ሞገዱ ከአንዱ ክብ ሌላው ጋ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። መንገዱ 12 ሳንቲሜትር ሆኖ 24 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜትር ነው፤ ይህ የወጣት ልክ ነው። በ12 ሚሊሰከንድ ከደረሰ 10 ሜትር ይሆናል። ይህንኑ ፍጥነት አንገትና ብሽሽት ላይ በሚያርፍ አነስተኛ መሣሪያም መለካት ይቻላል።

የእርስዎ ግን ከወዲሁ በግፊትዎ ላይ ይነበባል። ጤናማ አኦርታ በምት ጊዜ ተለጥጦ ከደሙ ከፊሉን ይይዛል፤ ልብ ሲያርፍ ይለቀዋል። በዕድሜ ኢላስቲን የተባለው ተለጣጭ ክር ይበጣጠስና ጠንካራው ኮላጅን ይበዛል። ያን ጊዜ የላይኛው ቁጥር ይወጣል፣ የታችኛው ይወርዳል። በእርስዎ ዕድሜ 60 የደረሰ ልዩነት ያሳስበናል፤ የእርስዎ 95 ነው። ይህ በስብ ምክንያት ከሚመጣው የደም ስር መጥበብ የተለየ ነገር ነው፤ ሁለቱ ግን አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

የኤምአርአዩ ቁጥር ሕክምናዎን እምብዛም አይለውጠውም፤ ግፊቱ በዚያም ሆነ በዚህ መውረድ አለበት። የልጅዎ ገንዘብ ለልብ አልትራሳውንድ ቢውል እመርጣለሁ፤ የሚያፈስ የልብ በርም እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት ያመጣልና። የእንቅርት ሆርሞን፣ የደም ማነስና የኩላሊት ምርመራም ይጨመር። ከተረፈ በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ይግዙ፤ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ ቡና ሳይቀምሱ፣ አምስት ደቂቃ አረፍ ብለው ይለኩና ወረቀቱን ለሐኪምዎ ይውሰዱ። መድኃኒት ታዞልዎት ከሆነ በራስዎ አያቋርጡ።