የአባትሽ መርከብ «ኢትዮጵያ» ናት

ልጄ፣ «አባቴ የባሕር ኃይል ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ነበርኩ ይለን ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን መድፍ ይታያል፤ እውነቱ የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አባትሽ እውነቱን ነው። ጎኗ ላይ ያለው ኤ-01 የ«ኢትዮጵያ» መለያ ነው። እኔም ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ሰባት ዓመት ሞተር ክፍሏ ውስጥ ሠርቻለሁ።

አሜሪካኖች ሲሠሯት ስሟ «ኦርካ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ውሃ ላይ ወረደች፤ በ1944 አገልግሎት ጀመረች። መድፍ ይኑራት እንጂ ዋና ሥራዋ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መቀለብ ነው። ነዳጃቸውን፣ ጥይታቸውን፣ መለዋወጫቸውን፣ የአብራሪዎቹን ምግብና መኝታ ሳይቀር ተሸክማ ትከተላቸዋለች። በዚህ ሥራ ፊሊፒንስ ድረስ ዘምታለች። ከአካሏ ውሃ ውስጥ የሚገባው 4 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትልልቆቹ የማይደፍሩት ወደብ ትገባለች። አለቃዬ ይህን ሲያስረዳኝ ወዲያው ገባኝ፤ ዘጌ ተወልጄ በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኜ ባሕር ዳር ገበያ ስመላለስ ነው ያደግሁት። ታንኳም ከነሸክሟ ዳር ድረስ የምትጠጋው ብዙ ስለማትሰምጥ ነው።

ወደ እኛ የመጣችው ጥር 1954 ዓ.ም. በውሰት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ተሸጠችልን። 95 ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ከባሕር ኃይላችን መርከቦች ትልቋ እሷ ነበረች። የምትቀልበው አውሮፕላን ስላልነበረን ማሠልጠኛ ሆነች። ለአብራሪዎች የተሠራው መኝታ ለተማሪዎች ዋለ።

የምጽዋን ሙቀት አባትሽ ሳይነግርሽ አይቀርም። ሐምሌ ላይ ታች ስንወርድ ብረቱ በባዶ እጅ አይነካም ነበር። አለቃዬ «መለኪያውን እይ፤ ግን መጀመሪያ ሞተሩን ስማው» ይለኝ ነበር። ዛሬም የጎረቤት ወፍጮ ድምፁ ሲለወጥ ሳላስበው ብድግ እላለሁ።

መርከቢቱ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ እዚያው ቆማ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ይህን የሰማሁ ቀን እህል አልቀመስኩም።

አሁን የፎቶውን ጀርባ ገልብጪና ዓመት ተጽፎበት እንደሆነ እይልኝ። እጅጌው ላይ ያለውን ምልክትም አቅርበሽ አንሺውና ላኪልኝ። ሞተር ክፍል ከነበረ አውቀው ይሆናል።