አሮጌ ኮምፒውተርና ዕቃዎቹ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬ እስኪነሣ ቡና ይፈላል። ባለሙያው «ጣለውና አዲስ ግዛ» አለኝ።

መልስ፦ አይጣሉት! አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘገየው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ያስገቡለት፤ ዲስኩን የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ያው ነው። ራሙን (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) 8 ጊጋ ያድርሱት። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ አቧራ ያስጠርጉ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን የደረቀ ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ያስለውጡ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑ ዊንዶውስ 11 ካልተቀበለ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነፃ ሥርዓት፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ይሞክሩ። ሳይጭኑ በፊት ከፍላሽ አስነሥተው ፕሪንተሩ መሥራቱን ይዩ። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ሥራዎ በእሱ ከሆነ ለዚያ አንድ ማሽን ይተዉ።

ጥያቄ፦ የዲዲአር 3 ራም ለዲዲአር 4 በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ይገባል?

መልስ፦ አይገባም፤ በጉልበት አይግፉት።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሃርድ ዲስኬን ፎርማት አድርጌ ልሸጠው ነው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ብቻ ነው፤ የደንበኞች መታወቂያ፣ የቤት ካርታና ውክልና እዚያው ይቀራል፣ በነፃ ፕሮግራም ይወጣል። ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን የዲስክ ፕሮግራም፣ ዲስክፓርትን (diskpart)፣ ይክፈቱ፤ በተራ ሊስት ዲስክ (list disk)፣ ሰሌክት ዲስክ (select disk) ከነቁጥሩ፣ ከዚያ ክሊን ኦል (clean all) ብለው ይጻፉ። ቁጥሩን ከመጠኑ ጋር ሁለት ጊዜ ያመሳክሩ፤ ከተሳሳቱ የሚጠፋው የራስዎ ሥራ ነው። 500 ጊጋ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለኤስኤስዲ የአምራቹን የማጥፊያ ፕሮግራም ይጠቀሙ። የማይነሣ ዲስክ አይሸጥም፤ ይሰበራል። የላፕቶፕ ዲስክ ውስጡ ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ይምቱት።

ጥያቄ፦ ከጣና ሐይቅ ዳር ካለው ግቢያችን ጀርባ ልጆች ገመድ እያቃጠሉ መዳብ ይለቅማሉ። ከሽታው ሌላ ጉዳት አለው? አሮጌ ወፍራም ሞኒተርና ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባለ ባትሪ ሣጥን) አለኝ፤ ለእነሱ ልስጣቸው?

መልስ፦ በፍጹም አይስጧቸው። የገመዱ ልባስ አብዛኛው ፒቪሲ ነው፤ ክሎሪን አለበት። ሲቃጠል ሳንባ የሚለበልብ የአሲድ ጭስ ይወጣዋል፤ መዳቡ ራሱ ደግሞ ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ እንዲፈጠር ያፋጥናል። ዳይኦክሲን በሰውና በዓሣ ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። አመዱ መሬት ላይ ይቆያል፣ የሐምሌ ጎርፍ በየቦዩ ጠርጎ ወደ ጣናና ዓባይ ያወርደዋል። ከጭቃው የሚመገበው አምባዛ ይቀበለዋል፤ እኛም አምባዛውን እንበላለን። እምቦጭ ያስጨነቀው ሐይቅ ላይ ይህን መጨመር የለብንም።

ልጆቹን አይቆጧቸው፤ ሌላ መንገድ ያሳዩአቸው። ገመዱን በአንድ ሜትር ቆርጠው፣ ጎኑን በምላጭ ሰንጥቀው ልባሱን ይላጡት። ያልተቃጠለ መዳብ ንጹሕ ስለሆነ ከጠቆረው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ይህን ለቆራሌውም ይንገሩት፤ የተቃጠለ አልገዛም ካለ እሳቱ ይቆማል።

ወፍራሙ ሞኒተር መስታወቱ ውስጥ በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ አለ። ውስጡ አየር የለውም፤ ሲሰበር ስብርባሪው ይረጫል። ከሶኬት ተነቅሎም ከ20,000 ቮልት በላይ ሊይዝ ስለሚችል አይክፈቱት። ሳይሰበር ደረቅ ቦታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ያስቀምጡ። የዩፒኤሱ 12 ቮልት ባትሪ እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነው፣ አሲዱን ሳይደፋ ሙሉውን ለሚረከብ ባትሪ ሰብሳቢ ይስጡ። ሁለቱንም የት እንደሚረከቡ የክልሉን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ ጠያቂ ሲበዛ መሰብሰቢያ ቦታ ሊዘጋጅ ይችላል። ማዘርቦርድና ኬዝ ግን ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች መለማመጃ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

መልስ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ አልቃለች፤ ይቀይሯት። የወጣችውን ከሕፃናት ያርቁ፤ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ታቃጥላለችና ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የላፕቶፔ ባትሪ አብጦ የመዳፊቱን ቦታ ወደ ላይ ገፍቶታል። ቻርጅ እያደረግሁ እየሠራሁበት ነው።

መልስ፦ ያጥፉት፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ አሁኑኑ። ጋዙን ላስወጣ ብለው አይብሱት፤ ሊቲየም ሲበሳ ይቀጣጠላል። ፀሐይ በማያገኘው፣ የሚቀጣጠል ነገር በሌለበት ወለል ላይ ያኑሩትና ላፕቶፕ የሚጠግን ባለሙያ ያውጣው። ይህን በቤትዎ በካቻቪቴ አይሞክሩት። ባትሪው ከወጣ በኋላ ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ በቻርጀሩ ብቻ ይሠራል።