ጨረታውን ካሸነፍሁ በኋላ ሻጩ «ተሰብሯል» አለኝ

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለፈው ወር በአንድ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ አንድ ግለሰብ ያገለገለ፣ የፋብሪካ ዓይነት የልብስ ስፌት መኪና ከነጠረጴዛውና ከነሞተሩ በ1 ዩሮ መነሻ ዋጋ አቅርቦ ስላየሁ ተጫረትሁ። እሑድ ማታ ሰዓቱ ሲያልቅ በ212 ዩሮ ማሸነፌ ተገለጸልኝ፤ ገንዘቡን ወዲያው አስተላለፍሁ፤ ሻጩም መኪናውን የምወስድበትን አድራሻ ጽፎ ላከልኝ። ማክሰኞ ግን «ከምድር ቤት ሳወጣው ወድቆ ተሰብሯል፤ ይቅርታ» የሚል መልእክት ጽፎ ገንዘቤን መለሰ። ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ ያንኑ መኪና በሌላ የሽያጭ ገጽ ላይ በ850 ዩሮ ተለጥፎ አገኘው። የጠረጴዛው ጥግ የተላጠበት ቦታና በመኪናው ላይ ጣል የተደረገው ባለ ቀይ መስመር ጨርቅ ሳይቀር በፎቶግራፉ ላይ ይታያል። ሻጩን ስጠይቀው ነጋዴ እንዳልሆነ፣ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መለወጥ መብቱ እንደሆነ፣ ደግሞም እንዲህ ያለ መኪና በ212 ዩሮ ይገኛል ብሎ የሚያስብ ሰው እንደሌለ ነገረኝ። ወዳጆቼ «ገንዘብሽ ከተመለሰልሽ ምን ቀረብሽ?» ይሉኛል። በእርግጥ ምንም አልቀረብኝም?

ልብስ ሰፊዋ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ቀርቶብዎታል፤ የቀረብዎትም መኪናው ነው። በጀርመን ሕግ የእርስዎና የሻጩ የሽያጭ ውል እሑድ ማታ ሰዓቱ ባለቀበት ቅጽበት የተቋቋመ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሻጩ ያለ እርስዎ ፈቃድ ገንዘቡን መመለሱ ውሉን አያፈርሰውም። የወዳጆችዎ ማጽናኛ ከደግነት የመጣ ቢሆንም ከአገራችንም ሕግ ጋር ቢሆን የሚስማማ አይመስለኝም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በቁጥር 1885 ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን አልፈጽምም ካለ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ያዛል እንጂ የተቀበለውን ብቻ መልሶ እንዲሰናበት አይፈቅድለትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኢንተርኔቱን ጨረታ እንደ ሐራጅ ስለሚያየው ነው። በሐራጅ አዳራሽ መዶሻው እስኪመታ ድረስ ምንም ነገር አልተሸጠም። በኢንተርኔቱ ጨረታ ግን መዶሻ የሚመታ ሰው የለም፤ ሻጩ ዕቃውን በገጹ ላይ ሲያወጣ ጨረታው እስኪያበቃ ከፍተኛውን ዋጋ ለሚሰጠው ሰው ለመሸጥ አስቀድሞ ቃሉን ሰጥቷል፤ ተጫራቹም ዋጋውን በማስገባቱ ቃሉን ተቀብሏል። በካርልስሩኸ የሚያስችለው የጀርመን ጠቅላይ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ፍርድ ቤት (ከዚህ በታች ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ2001 ይህን መንገድ የከፈተው፣ 57,000 ማርክ ያህል የሚያወጣ አዲስ ፎልክስቫገን ፓሳት አውቶሞቢል በ26,350 ማርክ ጨረታ የወጣለት ሰው ባቀረበው ክስ ነበር። ሻጩ ዋጋው ስላነሰው አልሰጥም አለ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ውሉ ጸንቷል አለ።

«በ212 ዩሮ አይገኝም» ለሚለው ክርክርም ከዚህ የበለጠ መልስ አለው፤ የሚገርመው ደግሞ ይህኛውም ፓሳት መሆኑ ነው። አንድ ሰው አሮጌ ፓሳቱን በ1 ዩሮ መነሻ ጨረታ ላይ አውጥቶ፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከጨረታው ውጭ 4,200 ዩሮ የሚሰጥ ገዢ አገኘሁ ብሎ ጨረታውን አቋረጠ። በዚያ ሰዓት የነበረው ብቸኛ ተጫራች እስከ 555.55 ዩሮ ለመሄድ ቢዘጋጅም የቆመው በ1 ዩሮ ላይ ነበር። መኪናው 5,250 ዩሮ የሚያወጣ ስለነበረ ተጫራቹ 5,249 ዩሮ ካሳ ጠየቀ፤ ፍርድ ቤቱም በኖቬምበር 2014 ፈረደለት። የፍርዱ ሐሳብ፣ በ1 ዩሮ መነሻ ብዙ ተጫራች ለመሳብ የፈለገ ሻጭ ዕቃው በርካሽ የመሄዱን ዕድል አብሮ ተቀብሏል የሚል ነው። የእርስዎ ሻጭ 212 ዩሮ ካነሰው ከዚያ በታች አልሸጥም የሚልበትን ዋጋ አስቀድሞ መነሻ ማድረግ ይችል ነበር።

የ14 ቀኑን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ያ መብት ከነጋዴ በርቀት ለሚገዛ ሸማች የተሰጠ የገዢ መብት ነው፤ ይኸው ፍርድ ቤት በ2004 በጨረታ የተገዛ የእጅ አምባርን በሚመለከት እንደወሰነው በኢንተርኔት ጨረታም ይሠራል፤ ነገር ግን ለሻጭ፣ ነጋዴም ይሁን ግለሰብ፣ ተሰጥቶ አያውቅም። «ግለሰብ ነኝ፣ ዋስትና አልሰጥም» የሚለውም ጽሑፍ ቢሆን ለዕቃው ጉድለት ኃላፊነትን ያስቀር ይሆናል እንጂ ዕቃውን ከማስረከብ ነጻ አያወጣም።

ለሻጭ የሚያዝንበት ቦታ ሕጉ ጨርሶ የለውም ማለቴ አይደለም። በ2011 የዲጂታል ካሜራ ጉዳይ ሻጩ ካሜራው ጨረታው ሳያልቅ ስለተሰረቀበት ማቋረጡ ተቀባይነት አግኝቷል። የእርስዎ ሻጭ ግን ተሰበረ ያለው ጨረታው ካለቀ ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ በእርግጥ ተሰብሮም ቢሆን በራሱ ግዴለሽነት ከጣለው ካሳ ከመክፈል አያመልጥም፤ ጥፋት እንደሌለበት የማስረዳቱም ሸክም የእሱ ነው። ተሰብሯል የተባለው መኪና በሐሙስ ቀን በ850 ዩሮ መታየቱ ደግሞ ነገሩን ከግዴለሽነት ወደ ውሸት ያሻግረዋል።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ይህን መጽሔት እንኳ ሳይጨርሱ፣ ሁለቱንም ማስታወቂያዎች ከነፎቶግራፋቸው፣ ከነቁጥራቸውና ከነቀናቸው ያስቀምጡ፤ ሻጩ ነቅቶ ካነሳቸው በኋላ መፈለግ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። የተላጠው የጠረጴዛ ጥግ በሁለቱም ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ከታየ ብዙ ንግግር ይቆጥብልዎታል። ወዳጅዎ ለአዲሱ ማስታወቂያ «መኪናው ይሠራል ወይ?» ብላ በጽሑፍ ብትጠይቅና «አዎ» የሚል መልስ ብታገኝ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም። ነገር ግን ሻጩን በስልክ እያነጋገሩ ድምፁን በስውር እንዳይቀዱ፤ በጀርመን ያለ ፈቃድ የሰውን ንግግር መቅዳት ወንጀል ስለሆነ ከሳሽ ሆነው ገብተው ተከሳሽ ሆነው ይወጣሉ። ፎቶግራፉንና አድራሻውን በቴሌግራም ቡድን መበተንም እንዲሁ የሚጎዳው እርስዎን ነው። ገጹ ውሉን ለመሰረዝ ይስማማሉ ወይ ብሎ ከጠየቀዎት «አዎ» የሚለውን አይጫኑ፤ ያን ከተጫኑ ሻጩ በስምምነት ተላቅቀናል ብሎ ይከራከርብዎታል።

ቀጥሎ አጭር ደብዳቤ በጀርመንኛ ይጻፉ። የጨረታውን ቀን፣ የዕቃውን ቁጥርና 212 ዩሮውን ይጥቀሱ፤ ገንዘቡን በርክክብ ጊዜ ለመክፈል ዝግጁ እንደሆኑ ይግለጹ፤ መኪናውን እንዲያስረክብ የ14 ቀን ጊዜ ይስጡት፤ ቀነ ገደቡን «በሁለት ሳምንት» ብለው ሳይሆን ቀንና ወር ጠቅሰው ይጻፉት፤ ካላስረከበ በዕቃው ፋንታ ካሳ እንደሚጠይቁ ያስታውቁት። ስድብም ልመናም አያስፈልገውም። ደብዳቤውን መኪናውን ይውሰዱ ተብሎ በተላከልዎት አድራሻ በአይንሽራይበን (በአደራ ፖስታ) ይላኩ፤ አንድ ቅጂ በገጹ የመልእክት ሣጥን ይድረሰው። መኪናውን ለሌላ ሸጬዋለሁ ካለዎት ቀነ ገደቡን መጠበቅ አያስፈልግም።

ካሳው ሻጩ በጠራው 850 ዩሮ አይሰላም፤ እሱ ምኞቱ ነው። የሚታየው መኪናው በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ስለሆነ፣ በዓይነትና በዕድሜ የሚመሳሰሉትን አምስት ስድስት ማስታወቂያዎች ይሰብስቡ፤ የስፌት መኪና ጠጋኝ የጻፈው ግምት ቢኖር ደግሞ ይበልጣል። ለምሳሌ ገበያው 700 ዩሮ ከሆነ ልዩነቱ 488 ዩሮ ነው። የደንበኞችዎ ቀሚስ የሚጠብቅዎት ከሆነና ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ተመሳሳይ መኪና በ690 ዩሮ ከገዙ፣ ደረሰኙን ይዘው 478 ዩሮውን መጠየቅ ይችላሉ።

ገንዘቡን ካልከፈለ ማንበሻይድ የሚባለው የፍርድ ቤት የክፍያ ማሳሰቢያ አለ፤ ፍራንክፈርት በምትገኝበት በሔሰን ክፍለ ግዛት ለምንኖር ሰዎች የሚወጣው ከሁንፌልድ ፍርድ ቤት ነው፤ ለዚህ መጠን ወጪው 40 ዩሮ ገደማ ነው። ይህ ፍርድ ቤት እውነቱ ከማን ጋር እንደሆነ ሳይመረምር ማሳሰቢያውን ይልካል፤ ሻጩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተቃወመ ወደ ማስፈጸሚያ ይኬዳል፤ ከተቃወመ ግን ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ በሻጩ መኖሪያ ወደሚገኘው አምትስገሪኽት (የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት) ይሄዳል። በዚያ ያለ ጠበቃ መከራከር ይቻላል፤ ችሎቱ ግን በጀርመንኛ ነው። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት በአቅራቢያዎ ካለው አምትስገሪኽት በራቱንግስሂልፈሻይን (የሕግ ምክር ድጋፍ ወረቀት) ጠይቀው በ15 ዩሮ ጠበቃ ማማከር ይችላሉ፤ እኔ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር።

ሻጩ ከተቃወመ በኋላ እስከ ችሎት ይሂዱ ወይ ለሚለው ቁርጡን ልንገርዎት፦ ልዩነቱ 50 ወይም 60 ዩሮ ቢሆን ኖሮ ለመሄድ አልመክርዎትም ነበር፤ ለ488 ዩሮና በፎቶግራፍ ለተያዘ ውሸት ግን እሄድ ነበር። ለመወሰንም መቸኮል የለብዎትም፤ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም መብትዎን በክስ መጠየቅ የሚችሉበት ጊዜ፣ ጨረታው የተደረገበት ዓመት ካለቀ በኋላ የሚቆጠር ሦስት ዓመት ነው።