መልስ፦ ሬኮርዶቹ እኩል ሆነው ሳለ ጄኔሪክ ሜተዱ ለምን ፎልስ ይላል?

ሰላም ወንድሜ። የሲ ሻርፕ ሬኮርዶችህ (በይዘታቸው የሚነጻጸሩ የዳታ ታይፖች) ከውጭ በ == ሲነጻጸሩ እኩል ናቸው፤ «ቲ ክላስ ነው» (where T : class) ብለህ የገደብከው ጄኔሪክ ሜተድ ውስጥ፣ ማለትም ቲ በሚባል ገና ባልተወሰነ ታይፕ የተጻፈ ሜተድ ውስጥ ሲገቡ ግን ፎልስ ይመጣል። ይሄ ነገር እኔንም ግማሽ ቀን በልቶብኛል።

ጥፋቱ የሬኮርዱ አይደለም። ሬኮርድ ሲ ሻርፕ 9 ላይ (እ.ኤ.አ. በ2020) ሲመጣ ጀምሮ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው) ራሱ == ይሠራለታል፤ ፊልዶቹን አንድ በአንድ ያነጻጽራል። ጄኔሪክ ሜተዱ ኮምፓይል ሲደረግ ግን ቲ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ያለውን ይወስዳል፤ «ሁለቱ ሜሞሪ ላይ ያው አንድ ኦብጀክት ናቸው ወይ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቀውን ==። በኋላ ሬኮርድ ብትሰጠውም ምርጫው አይቀየርም። ከሲ ፕላስ ፕላስ የመጣ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል፤ እዚያ ቴምፕሌት ውስጥ ኦፐሬተሩ የሚመረጠው ትክክለኛው ታይፕ ከታወቀ በኋላ ነው።

አንተ == ን ተወውና ለቲ የኢኳሊቲ ኮምፓረር ዲፎልት የሚሰጥህን ኢኩዋልስ (EqualityComparer<T>.Default.Equals) ጥራ። የሬኮርዱን የራሱን ማነጻጸሪያ ያገኘዋል፤ ነል (ባዶ) ቢመጣም አይወድቅም። «ክላስ» የሚለውን ገደብ ብታነሳው እንኳ ይሠራል፣ ስለዚህ ስትራክትም ታስገባለህ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሬኮርዱ ውስጥ ሊስት ወይም አሬይ ካለ፣ ይዘታቸው ቢመሳሰልም ሁለት የተለያዩ ሊስቶች እኩል አይባሉም። እንደዚያ ከሆነ የሬኮርዱን ኢኩዋልስ በእጅህ ጻፈው፣ ጌት ሃሽ ኮዱንም (ዲክሽነሪ ዕቃ የሚፈልግበትን ቁጥር የሚሰጠውን ሜተድ) አብረህ። እሱን ከረሳህ ዲክሽነሪ ውስጥ ያስገባኸውን መልሰህ ላታገኘው ትችላለህ።